ተሰጥኦ፦ ከስክሪኑ ወዲህ

በ2012 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት አስፐን ሂል የደረሰው በቀን ብርሃን ነበር። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሜሪላንድ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ የሚያዝያ ፀሐይ ለመጥለቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀራታል። የሜሪላንድ ገዥ መጋቢት 21 ቀን ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘው ስለነበር አብያተ ክርስቲያናት ለምእመናን ዝግ ነበሩ። ስለዚህ በየአፓርታማው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ወይም ታብሌት ተደግፎ ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ ጨለማ፣ በመስኮቱ ውጭ ፀሐይ። የምሥራቹ ሲታወጅ በመስተዋቱ ውስጥ ጧፍ ከጧፍ እየተቀባበለ በራ። ከመስተዋቱ ወዲህ ያለው ሰው ግን እሳቱን የሚቀበልበት መንገድ አልነበረውም፤ ጧፉን በክብሪት ወይም በምድጃው እሳት ለኮሰ።

ያ ሰው ያጣው ነገር ምን ነበር? ድምፁ ደርሶታል፤ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ቃሉም አልጎደለም። ዕጣኑ፣ መገፋፋቱ፣ የእግር ድካሙ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። እሱ ባይኖርም ሥርጭቱ ያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ከግራ የተቀበለውን እሳት ለቀኝ የሚያሳልፍ እጅ ነበረው።

ኮምፒውተርን ከስክሪን አውጥቶ ወደ ክፍል፣ ወደ ግድግዳ፣ ወደ ወለል፣ ወደ እጅ የማምጣት ጥረት ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የሙዚየም አዘጋጆች፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቶችና ሠዓሊዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ብዙ ደክመዋል። አስፐን ሂል በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ አይነሳም። ቢሆንም ታሪኩ በዙሪያዋ አልፏል፤ ዋናው ጥያቄውም በየሳሎኗ በየሳምንቱ ይነሳል።

አስፐን ሂል የራሷ ማዘጋጃ ቤት የሌላት ሰፈር ናት። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተሰሜን፣ ጆርጂያ አቬኑና ኮኔቲከት አቬኑ የሚገናኙበት አካባቢ ተዘርግታለች። በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ከ50,000 በላይ ነዋሪ ነበራት። የሜትሮው ቀይ መስመር ከደቡቧ፣ ግሌንሞንት ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ወይም መኪና ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው የኢትዮጵያውያን ኑሮ ከከተማው መሐል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሰፋ፣ ሰፋ ያለ ቤት የፈለገ ወደዚህም መጣ። ካውንቲው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ነው። ይህ እህትማማችነት ለብዙ ሰው የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለዚህ ታሪክ ግን ይጠቅማል፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ከአስፐን ሂል በመኪና ብዙም ሳይርቅ ኮሌጅ ፓርክ አለ፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ከተማ። ማርክ ዋይዘር የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ከ1979 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. እዚያ አስተምሯል። ከዚያ ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማእከል ሄደ። በ1991 እ.ኤ.አ. ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ይጠቀሳል። የበሰለ ቴክኖሎጂ ከዓይን የሚሰወር ነው ይላል ሐሳቡ። ለምሳሌ ጽሕፈት፦ የመንገድ ምልክት የሚያነብ ሰው «ማንበብ» የሚባል መሣሪያ እየተጠቀምኩ ነው ብሎ አያስብም። ኮምፒውተርም እንደዚሁ አንድ ሳጥን ሆኖ ሰውን ፊቱ ከማስቀመጥ ይልቅ በየዕቃው ተበትኖ፣ ሰውየው በገዛ ዓለሙ ውስጥ እንዳለ ሊያገለግለው ይገባል።

በዚያው ማእከል በ1990ዎቹ አጋማሽ ሠዓሊዋ ናታሊ ጀረሚየንኮ ከጣሪያ ላይ አንድ የፕላስቲክ ገመድ አንጠለጠለች። ገመዱ ጫፉ ላይ ካለ ትንሽ ሞተር ጋር፣ ሞተሩ ከሕንፃው የኮምፒውተር መስመር ጋር ተያይዟል። በመስመሩ ላይ ብዙ መረጃ ሲመላለስ ገመዱ ይወራጫል፤ ጸጥ ሲል እሱም ዝም ይላል። ማንም ቁጥር አያነብም፤ ግን በመተላለፊያው የሚያልፍ ሁሉ የቤቱን ሁኔታ በጆሮውና በዓይኑ ጥግ ያውቃል። ቀደም ብሎ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ዱረል ቢሾፕ የተባለ የዲዛይን ተማሪ አንድ የስልክ መልእክት መቀበያ ነድፎ ነበር። መልእክት በመጣ ቁጥር መሣሪያው አንድ ብይ ይጥላል። ብዩን አንስቶ ማዳመጫው ጎድጓዳ ላይ ያስቀመጠ መልእክቱን ይሰማል። ስንት ሰው እንደደወለ ለማወቅ ብዮቹን ማየት ይበቃል፤ የሌላ ሰው መልእክት ከሆነም ብዩን ለባለቤቱ ማስቀመጥ ይቻላል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን ለመረዳት መመሪያ አያስፈልገውም።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሲያስደንቁ ኖረዋል። ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን ከእነሱ በፊት፣ ከአንድ ሳይሳካ ከቀረ ክፍል ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማይረን ክሩገርና ባልደረቦቹ «ግሎውፍሎው» የተባለ ጨለማ ክፍል አዘጋጁ። በግድግዳው ዙሪያ የሚያበሩ ቱቦዎች ተዘርግተዋል፤ ወለሉ ላይ ክብደት የሚያውቁ ምንጣፎች ተቀብረዋል፤ ኮምፒውተር ብርሃኑንና ድምፁን ይመራል። ሰው ሲራመድ ክፍሉ ይመልሳል፤ ነገር ግን ምላሹ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጎ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ጎብኚው በብርሃኑ ተደነቀ፤ ክፍሉ ለእሱ እየመለሰ መሆኑን ግን አላወቀም። ክሩገር ከዚህ የወሰደው ትምህርት የኋላ ሥራዎቹን ሁሉ ቀረጸ፦ ምላሽ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሰውየው ድርሻ እንዳለው ማወቅ አለበት። አለዚያ ውድ መብራት ያለው ጨለማ ክፍል ብቻ ነው።

ይህ ነጥብ ነው ከግዕዝ አንድ ቃል ጋር የሚያገናኘው። ዛሬ በአማርኛ «ተሰጥኦ» ሲባል ለሰው በተፈጥሮ የተሰጠ ችሎታ ማለት ነው። በቅዳሴ ግን ተሰጥኦ ማለት የሕዝብ ምላሽ ነው። መጽሐፈ ቅዳሴን የገለጠ ሰው በየአንቀጹ ፊት አጫጭር ምልክቶች ያገኛል፦ ይ.ካ.፣ ይ.ዲ.፣ ይ.ሕ.። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ። መጽሐፉ የሚነበብ ብቻ አይደለም፤ ማን መቼ እንደሚናገር የሚያከፋፍል ነው። ለአንባቢው «አንተ እዚህ ላይ አለህ» ይለዋል። ሥርዓቱ ድርሻውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በቂ ልዑካን ካልተገኙ፣ በልማድ አምስት ካልሞሉ፣ ቅዳሴው አይቆምም። ሕንፃውም እንደዚሁ የተከፋፈለ ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። መጋረጃው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ አለው። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያው እያንዳንዳቸው ያዢ አላቸው። ይህ ሁሉ «እኛ ከፈረንጅ ቀድመን ነበር» ለማለት አይደለም፤ በቅዳሴና በኮምፒውተር መካከል ዝምድና የለም። ነገር ግን ክሩገር በ1969 የጎደለውን ነገር ስም ለሚፈልግ አንድ ቃል አለ፤ ያም ተሰጥኦ ነው።

ወደ እህት ከተማዋ እንመለስ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ቀና ሲል ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው። ክንፍ ያላቸው ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተሥለው፣ ዓይናቸው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ያያል። የቤተ ክርስቲያኑ መሥራች ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው፤ በ1888 እ.ኤ.አ. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ያን ጣሪያ በፎቶግራፍ ያየ ሰው ሥዕል አይቷል። ከሥሩ የቆመ ሰው ግን ታይቷል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ፎቶው ውስጥ ዓይን ያለው ተመልካቹ ብቻ ነው፤ እዚያ ሲቆም ግን ማየትና መታየት ይለዋወጣሉ፤ ምንም ሽቦ ሳይኖር ክፍሉ «መምጣትህን አውቄያለሁ» ይላል።

እንዲህ ያለውን ቦታ ከአገሩ ውጭ ለሚኖር ሰው እንዴት ያሳዩታል? ለአስፐን ሂል ነዋሪ በጣም የቀረበው ሙከራ የተደረገው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በምትርቀው በባልቲሞር ነው። የዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ የካቲት 24 ቀን ድረስ የኢትዮጵያን ጥበብ የሚመለከት ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳየ። ከ220 በላይ ሥራዎች ቀረቡ፤ ኤግዚቢሽኑ ከዚያ ወደ ማሳቹሴትስና ወደ ኦሃዮ ተጓዘ። አዘጋጆቹ አንድ ነገር ተረድተው ነበር፦ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ የጠበብ ሥራ፣ ሁሉም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጡ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሽታን የኤግዚቢሽኑ አካል አደረጉ፤ ጎብኚው ፍቆ የሚያሸታቸው ካርዶች ተዘጋጁ። ዲጂታል ያልሆነ፣ ርካሽ፣ ልጅ እንኳ የሚጠቀምበት መላ ነው። ዕጣን ሽታው የልጅነት ትዝታው ለሆነ ሰው ያ ካርድ ከብዙ ስክሪን ይበልጣል።

ከሙዚየሙ ንብረቶች አንዱ ጉዳዩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የብራና ማራገቢያ ነው። ታጥፎ ሲያዝ የብራና ጥቅል ነው፤ ሲዘረጋ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ ጫፍና ጫፉ ሲገጥም ደግሞ ቅዱሳን የተደረደሩበት መንኰራኵር ይሆናል። ይህ ዕቃ በእጅ እንዲከፈት፣ በዑደት እንዲያዝ የተሠራ ነው። ሙዚየም ግን የግድ መስተዋት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ባያስቀምጠው ኖሮ እስከ ዛሬ ባልቆየም። መጠበቅና መጠቀም እዚህ ላይ ይጋጫሉ። ዲጂታል መላ የሚገባው በዚህ ስንጥቅ ነው፦ ዋናው በመስተዋት ውስጥ ይረፍ፣ ቅጂው በልጅ እጅ ይከፈት። የደቡብ አፍሪካው የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት አቅጣጫ መዝግቧቸዋል፤ ዓለቱ ሲሰነጠቅ ለሚጠግን ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ልኬቱ ግን የድንጋዩን ቅርጽ እንጂ በልደት ሌሊት በዚያ ድንጋይ ላይ የሚቆመውን ሰው ድርሻ አይመዘግብም።

በዎልተርሱ ኤግዚቢሽን የዘመናዊ ሥራዎቹ ተጋባዥ አዘጋጅ የነበረችው ሠዓሊዋ ፀዳዬ መኮንን ሌላ መንገድ ይዛለች። የብርሃን ማማዎቿ መስተዋት በሚመስሉ ሣጥኖች ይሠራሉ፤ የኢትዮጵያ መስቀል ቅርጾች ተበስተውባቸዋል፤ ከውስጥ መብራት አለ። መስቀሉ በግድግዳው፣ በወለሉ፣ በተመልካቹም ልብስ ላይ በብርሃን ይወድቃል፤ ተመልካቹ ፊቱን በሣጥኑ ላይ ያያል። ማማዎቹ የሞቱ ሴቶችን የሚያስቡ ናቸው፤ በግፍ የተገደሉ፣ በስደት መንገድ የቀሩ። እዚህ ላይ ጥንታዊው ቅርጽ ቅርስ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሥራ ተሰጥቶታል። ፊቱ የቆመውም ሰው በሐዘኑ ውስጥ ይቆጠራል።

አዲስ አበባም በዚህ ረገድ አልተኛችም። በ2008 ዓ.ም. ኑሮው ኒው ዮርክ የሆነው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ የጀመረው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ሥራዎችን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ሕዝብ አደባባይ ወስዷል። መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ደግሞ የዲጂታል ትርኢት በትልቅ ደረጃ ይዞ መጥቷል። ሁለቱን ለማነጻጸር የበጀታቸውን መጠን ማየት አያስፈልግም፤ የክሩገርን ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲያይ ምን ይለወጣል? እሱ ሲሄድስ ምን ይጎድላል?

ይህ ጥያቄ ለሙዚየም ብቻ የተተወ እንዳይመስል ወደ አፓርታማው እንግባ። በአስፐን ሂል እያንዳንዱ ቤት ጣሪያው ላይ ከሰው ጋር የሚነጋገር አንድ መሣሪያ አለ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው። ቡና ሲቆላ ይጮኻል። አንዱ ልጅ ፎጣ ያራግባል፣ ሌላው መስኮት ይከፍታል፣ እናት ምጣዱን ይዘው ወደ በረንዳ ይወጣሉ። የዋይዘር ሕልም በአንድ በኩል እዚህ ተፈጽሟል፦ ቤቱ ጭሱን ያውቃል፣ ይመልሳልም። ግን የሚያውቀው ጭስን እንጂ ቡናን አይደለም። የተቆላው ቡና በየሰዉ አፍንጫ ሥር ሲዞር እንግዳው በእጁ ጭሱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ያ ተሰጥኦ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ሥርዓቱ ሥርዓት አይሆንም። ማሽኑ ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ አደጋ ብቻ ያያል፤ ያላስተማሩትን አያውቅም። «ብልህ ቤት» እየተባለ የሚሸጠው ነገር ሁሉ የአንድ ሰው ልማድ በውስጡ አለ፤ የማን ልማድ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስክሪን የታሪኩ ጥፋተኛ መስሎ ቀርቦ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። በውጭ አገር ባሉ ብዙ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት፣ በዋሽንግተን አካባቢም ጭምር፣ በግድግዳው ላይ ስክሪን ተሰቅሏል። የቅዳሴው ቃል በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ይወጣበታል፤ ግዕዙን በላቲን ፊደል የሚያሳዩም አሉ። አንዳንድ አረጋውያን ይህን ያዩ ጊዜ ቅር ይላቸዋል፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው፤ ዓይን ከመቅደሱ ወደ ስክሪኑ ይሸሻል። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረውን፣ እዚያው የተወለደውን የ12 ዓመት ልጅ እንመልከተው። ከስክሪኑ በፊት በቅዳሴው ውስጥ ሦስት ሰዓት የሚቆም ጎብኚ ነበር። ሕንፃው እውነተኛ ነው፣ ዕጣኑ እውነተኛ ነው፣ ሰው ሁሉ አጠገቡ ነው፤ እሱ ግን ግሎውፍሎው ውስጥ እንደገቡት ሰዎች ድርሻ እንዳለው አያውቅም። «ይ.ሕ.» የሚለው እሱን እንደሚጨምር የነገረው ስክሪኑ ነው። አፉን ከፍቶ የመለሰው በዚያ ነው።

ስለዚህ መለያው መስተዋት መኖርና አለመኖሩ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ትንሣኤ በጠረጴዛው ላይ የቆመው መስተዋት ምእመኑን ተመልካች አደረገው፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው መስተዋት ደግሞ ተመልካቹን ምእመን አደረገው። ሁለቱም መስተዋቶች ናቸው። አንዱ የሰውየውን ድርሻ ወሰደ፤ ሌላው መለሰ። ክፍል የሚያናግሩ ሰዎች፣ የሙዚየም አዘጋጅም ይሁኑ የሶፍትዌር ባለሙያ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ሥራቸውን ሊመዝኑበት የሚችሉበት ሚዛን ይህ ነው።

ለአስፐን ሂል ደግሞ ጉዳዩ ከሚዛን ያለፈ ነው። ጎንደርን በፎቶ፣ ላሊበላን በቪዲዮ፣ አክሱምን በሙዚየም ያዩ ልጆች ስለ አገራቸው ብዙ ሊያውቁ ይችላሉ። ያወቁትን የሚቀጥሉት ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ዞር ብሎ ጧፉን ሲያቀርብላቸው ነው። ያን ጊዜ ልጁ የሚያደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የራሱን ያስጠጋል፣ ሲበራለትም ወደ ቀኙ ይዞራል።